ብርዱ ባይኖር ሻዩ ይጥም ነበር?

ደሴ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ፒያሳ አካባቢ ካለች ጠባብ ሻይ ቤት ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ። የጦሳ ተራራ ጉሙን እስከ ወገቡ ተከናንቧል። ሻዩ መጣ። ወዲያው አልጠጣሁትም። ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኩት። ዙሪያዬን ስመለከት ሁሉም እንደዚያው አድርጓል። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ጋቢ የደረቡት አባትም፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችው ተማሪም። ለአንድ ደቂቃ ያህል የሚናገር የለም።

በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ነበርኩ። ያው ሻይ፣ ያው ስኳር፣ ያው ቅርንፉድ። ብርጭቆውን በጣቶቼ ጫፍ ይዤ ፉት አልኩት። ደህና ነው። ደህና ብቻ።

በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። ታዲያ የጠዋቱ ደስታ የት ቀረ? ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ወደቀ?

ጥያቄው የቀልድ ይምሰል እንጂ ሰዎች ቁጭ ብለው ያጠኑት ጉዳይ ነው። መልሱን ላስቀድመው። ደስታውን ያመጣው ብርዱ ነው። ሻዩ አጋዥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ውስጡን 37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ሌት ተቀን ይለፋል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንኳ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። የድሮውን ቢጫ አምፖል አስቡት፤ አንድ ሰው ማለት አንድ አምፖል ነው። (ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ ማሞቂያ የማያስፈልገው ለዚህ ነው።) ብርድ ሲመጣ ሰውነት ቁጠባ ይጀምራል። ወደ ቆዳ የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ደሙ ወደ ውስጥ፣ ወደ ልቡና ወደ ሳንባው ይሰበሰባል። እጅ፣ እግር፣ ጆሮና አፍንጫ ለጊዜው ይረሳሉ። ይህ ካልበቃ ጡንቻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ መንቀጥቀጥ ሙቀት ማምረቻ ሥራ ነው።

እንግዲህ በዚህ ቁጠባ መሃል አንድ ትኩስ ብርጭቆ መዳፍ ውስጥ ገባ። ምን ይሰማናል?

ሚሼል ካባናክ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ይህን በሙከራ አሳይቷል። ሥራው የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ1971 ነው። ሰዎችን ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ያስገባል። አንዳንዴ ገንዳው ቀዝቃዛ ነው፣ አንዳንዴ ሙቅ ነው። ከዚያ እጃቸውን ሌላ ውሃ ውስጥ እንዲነክሩ ያደርግና «እንዴት ነው? ደስ ይላል ወይስ ያስጠላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው ሞቅ ያለውን ውሃ ሲነካ ደስ ይለዋል። ሰውነቱ የሞቀ ሰው ደግሞ ያንኑ ውሃ ይጠላዋል፤ የሚያምረው ቀዝቃዛው ነው። ውሃው አንድ ዓይነት ነው። የተለወጠው ሰውየው ነው። ካባናክ ለዚህ «አሊስቴዚያ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙን መርሳት ትችላላችሁ። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፦ ደስ የሚል ስሜት ሰውነት «ይሄ አሁን ይበጀኛል፣ ጨምርልኝ» የሚልበት ቋንቋ ነው። ሚዛኑ ሲስተካከል ደስታውም ይቆማል። ሦስተኛው ብርጭቆ እንደ መጀመሪያው የማይጥመው ሻይ አፍይዋ ስኳር ስለነፈገች አይደለም።

ቤታችሁ ውስጥ የዚህን ታናሽ ወንድም መሞከር ትችላላችሁ። ሦስት ሳፋ አምጡ። አንዱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱ ውስጥ ሞቅ ያለ፣ መሃለኛው ውስጥ ለብ ያለ። ግራ እጃችሁን ቀዝቃዛው ውስጥ፣ ቀኙን ሙቁ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ አቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም መሃለኛው ውስጥ ክተቱ። ግራው «ሞቀኝ» ይላል፣ ቀኙ «በረደኝ» ይላል። አንድ ሳፋ፣ አንድ ባለቤት፣ ሁለት ምስክር። ልጆች በጣም ይወዱታል። እናቶች ወለሉ ሲረጥብ ብዙም አይወዱትም።

ብርጭቆውን በመዳፍ ማቀፋችንም ያለ ምክንያት አይደለም። መዳፍ፣ የእግር መርገጫ፣ ጆሮና አፍንጫ ሙቀት በፍጥነት የሚያስገቡና የሚያስወጡ ልዩ የደም ሥሮች አሏቸው። ሲከፈቱ ብዙ ደም ያሳልፋሉ፤ ሲዘጉ እጅ በረዶ ይሆናል። ትኩስ ብርጭቆ መዳፍን ሲነካ እነዚህ በሮች ይከፈታሉ። የእግሩን ነገር በልባችሁ ያዙት፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሙቀቱን መጀመሪያ የሚሰማው ደግሞ ማን ነው? ቆዳችን ውስጥ ያሉ የነርቭ ጫፎች ላይ የሙቀትና የቅዝቃዜ ዘበኞች አሉ። በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው እነዚህንና የንክኪ ዘበኞችን ላገኙት ለዴቪድ ጁሊየስና ለአርደም ፓታፑቲያን ነበር። ከዘበኞቹ አንዱ በሩን የሚከፍተው 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ «አቃጠለኝ» የሚለው እሱ ነው። የሚገርመው ጁሊየስ ይህን ዘበኛ ያገኘው በምን እየፈለገ መሰላችሁ? በበርበሬ። ቃሪያና በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ይህንኑ በር ያንኳኳል። ዘበኛው እሳትና ሚጥሚጣን መለየት አይችልም። ስለዚህ ሚጥሚጣ «ትኩስ ነው» ስንል እየተሳሳትን አይደለም፤ ነርቫችን የነገረንን ነው የምንደግመው። ዝንጅብልም የካፕሳይሲን ዘመድ የሆነ ቅመም በውስጡ አለው። የዝንጅብል ሻይ በብርድ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይሞቃል ማለት ነው፣ አንዴ በውሃው፣ አንዴ በቅመሙ።

አሁን ወደ ብርዱ እንሂድ። ደሴ ለምን ይበርዳል? ብዙ ሰው «ከፍታ ነው» ይላል። ልክ ነው። ግን ጠጋ ብለን ካየነው ግራ ያጋባል። ከፍ ስንል ወደ ፀሐይ እየቀረብን አይደል?

ፀሐይ አየሩን በቀጥታ ብዙም አታሞቀውም። መሬቱን ታሞቃለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ አየሩ ይሰፋል። ሲሰፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ጎማ ሲተነፍስ በቀዳዳው የሚወጣውን አየር እጃችሁ ላይ ሞክሩት፣ ቀዝቃዛ ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ያውቃል፤ የታመቀ አየር ፓምፑን ያግለዋል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ልዩነቱ 650 ሜትር፣ በሙቀት ሲመነዘር 4 ዲግሪ እና ትንሽ ነው።

4 ዲግሪ በወረቀት ላይ ምንም አትመስልም። ሚኒባስ ውስጥ ግን ታያታላችሁ። ሐረጎን ስንወርድ መጀመሪያ ጆሮ ይደፈናል። የውጭው ግፊት እየጨመረ፣ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው ግን በነበረበት ስለቆየ ነው፤ ምራቅ ዋጥ ሲያደርጉ ይከፈታል። ከዚያ አንገት ልብስ ይፈታል። ከዚያ ጃኬት ይወልቃል። ቦርከና ወንዝ አጠገብ ስንደርስ «መስኮቱን ክፈቱት እንጂ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ማታ ፊልሙ ወደ ኋላ ይጠነጠናል። መስኮቱን ክፈቱ ያሉት ሰውዬ ራሳቸው «ኧረ ዝጉት፣ ልትገድሉን ነው?» ይላሉ። እኔ ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ የሳይንስ ትምህርት አላየሁም፣ ዋጋውም የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው።

ከፍታው የሻዩንም ውሃ ይነካዋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ግፊቱ ሲቀንስ ቀድሞ ይፈላል። ኮምቦልቻ 94 አካባቢ፣ ደሴ 92 ገደማ ላይ። ደሴ ላይ ውሃው ምንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሳት መጨመር ከሰል መፍጀት ብቻ ነው። ባቄላና ሽምብራ ደሴ ላይ ብዙ የሚያስጠብቁት በዚህ ነው፣ መፍትሔውም በግፊት የሚያበስለው ድስት ነው። ቡና ግን አይጎዳም። ቡና አዋቂዎች ቡናን ለማውጣት ይመረጣል የሚሉት ውሃ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ያለው ነው። የደሴ ጀበና ቴርሞሜትር ሳያይ እዚያው መሃል ይውላል። ወሎዬ በቡናው ቢኮራ አትፍረዱበት።

ደሴ ደግሞ አንድ ብርድ ብቻ አይደለም ያላት። ሁለት አላት። የሐምሌና ነሐሴው ብርድ እርጥብ ነው። ቀኑም ሌሊቱም ተመሳሳይ ነው። ደመናው ቀን ፀሐይን ይከለክላል፣ ሌሊት ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የመሬቱን ሙቀት ይይዛል። የክረምቱ ብርድ በልብስ አልፎ የሚገባ ዓይነት ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። የረጠበ ካልሲ ያደረገ ሰው ቁጥሩን ባያውቀውም እውነቱን ያውቃል። የዚህ ብርድ ደስታዎች የቆርቆሮ ላይ ዝናብ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸትና ሥራ የሌለበት ከሰዓት በኋላ ናቸው። የቆርቆሮው ድምፅ እንቅልፍ የሚያመጣው ወጥ ስለሆነ ነው። የውሻውን ጩኸት፣ የመኪናውን ጡሩምባ፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ይሸፍናቸዋል።

የኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ብርድ ሌላ ነው። ደረቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል። ሌሊት ግን የመሬቱ ሙቀት የሚይዘው ደመና ስለሌለ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይንሸራተታል፣ ሜዳ ላይም ይተኛል። በደጋ ሜዳ ላይ ባቄላ ያለው ገበሬ ጥርት ያለ ሌሊት የማይወደው ለዚህ ነው። ነፋስ የሌለበት፣ ኮከብ የሞላበት ሌሊት ሲነጋ ውርጭ ነው። ያ ጥርት ያለ ሰማይ ግን ባለውለታችንም ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ»፣ ደስታዬ እንደማለት፣ ብለው ሰየሙት ይባላል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ በቀን እንኳ የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበር የታወቀ ነው። ንጉሡ ምን ደርበው እንደነበር የነገረን ግን የለም።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በዚሁ በታኅሣሥ በረዶ የለበሰ መንገድ ፎቶ ይልኩልናል። እኛም «ታድላችሁ!» እንላለን። አንዲት የጎረቤት ልጅ አንድ ቀን «ደሴ እንዲህ እየበረዳት በረዶ የማይወርድባት ለምንድን ነው?» አለችኝ። ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። መልሱ ይህ ነው፦ ይወርዳል። ሳይደርስ ይቀልጣል እንጂ።

በምድራችን ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የክረምት ደመና ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በላይኛው ክፍሉ የውሃ ተን ቀጥታ ወደ በረዶነት እየተለወጠ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅንጣት ይሠራል። ፎቶው ላይ ያያችሁት ያው የፈረንጅ በረዶ ነው። ከደሴ ሰማይ በላይ በነሐሴ እሱ እየወረደ ነው። ቀላል ስለሆነ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሞቃቱን አየር ሲያቋርጥ ይቀልጣል፣ ጦሳ ራስ ላይ ሲደርስ ዝናብ ሆኗል። ጃንጥላችን ላይ ከሚያርፈው ጠብታ ብዙው ከአፍታ በፊት በረዶ ነበር።

እኛ የምናውቀው፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበው በረዶ አፈጣጠሩ ሌላ ነው። እሱ የነጎድጓድ ደመና ልጅ ነው። ወደ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የቀዘቀዘ ጠብታን ያንሳፍፈዋል። ጠብታው ሌላ ውሃ እየለበሰ፣ የለበሰውም እየጠጠረ ይወፍራል። ሲከብድ ይወድቃል። ፈጣን ስለሆነ ለመቅለጥ ጊዜ የለውም። ለሁለቱም «በረዶ» ማለታችን፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም ጨምረን፣ ነገሩን አደናግሮታል። አማርኛ በቃል ሀብታም ነው፣ እዚህ ላይ ግን ትንሽ ቆጥቧል።

«ክረምት» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ያጋጫል። ፊልም ላይ የነሱን የብርድ ወራት «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን። የነሱ ብርድ ግን ታኅሣሥና ጥር ነው፣ ያኔ እኛ በጋ ላይ ነን። ኮፐንሃገን በታኅሣሥ መጨረሻ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአድማሱ 11 ዲግሪ ከፍ ብላ ትመለሳለች። ዴንማርኮች ለዚህ «ሁገ» የሚሉት ነገር አላቸው። ሻማ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ትኩስ መጠጥ፣ ጥቂት ወዳጅ። ዓለም ሁሉ ስለቃሉ ያወራል። እኔ ደግሞ «ሞቅ ደመቅ» የሚለውን ይዤ እከራከራለሁ። በኛ ቋንቋ ሰርግም ይሞቃል፣ ጨዋታም ይሞቃል፣ ቤትም ይሞቃል። ሰው ሲበዛ ሙቀት ይመጣል። 100 ዋቱን አትርሱ።

በዚያው ታኅሣሥ ደሴ ቀኗ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ 55 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ስለዚህ እኛ ሻማ አያስፈልገንም፣ ግድግዳ ይበቃናል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳ ፈልጉ። ሽማግሌዎች ቀድመው ይዘውታል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጨረሩ ግን አየሩን ሳይጠይቅ በቀጥታ ቆዳ ላይ ያርፋል። ግድግዳውም የጠጣውን ሙቀት ከጀርባ ይመልሳል። ሁለት እርምጃ ወደ ጥላው ብትገቡ ብርድ ነው፣ ብትመለሱ ሙቀት። ካባናክ በገንዳ የደከመበትን ደሴ በግድግዳ ትሠራዋለች። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል። ብርድ ስላለ ፀሐይ አይጎዳም ማለት አይደለም። ባርኔጣ ያዙ።

ጋቢ የሚያሞቀን በራሱ ሙቀት አይደለም፤ ጋቢ ምድጃ አይደለም። አራት ድርብ ጨርቅ በየመሃሉ አየር ያስራል። የታሰረ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። የምንሞቀው የራሳችንን ሙቀት መልሰን ነው። አሮጌ፣ ብዙ የታጠበና የሳሳ ጋቢ የማያሞቀው አየሩን ማሰር ስላቃተው ነው። ሲረጥብም እንደዚሁ፤ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ የአየሩ ቦታ በውሃ ይያዛል።

ከሰል ላይ ግን ቀልድ የለም። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተሸካሚ ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሰውየው «ሙቀቱ አስተኛኝ» ብሎ ያስባል። «ጭሱ ስላለቀ፣ ፍም ስለሆነ ችግር የለውም» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ፍሙም ይገድላል። ከሰሉን ከመተኛታችሁ በፊት ውጭ አውጡት። በቃ።

አረቄም ትንሽ ያታልላል። «ሞቅ አለኝ» የሚለው ሰው እውነቱን ነው፤ ቆዳው ሞቋል። አልኮል የተዘጉትን የደም ሥሮች ይከፍታቸዋል፣ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ዘበኞቹም «ሞቀ» ብለው ያውጃሉ። የውስጡ ሙቀት ግን በተከፈተው በር እየወጣ ነው። ደጅ ለሚያድር ሰው አደገኛ ነው።

ወደ እግር እንመለስ። አያቴ ማታ ማታ ለእንግዳ እግር ማጠቢያ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታቀርብ ነበር። አክብሮት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንቅልፍም ነበረበት። ሰው እንቅልፍ የሚወስደው የውስጥ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ነው። እግር ሲሞቅ የመርገጫው የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ የውስጡ ሙቀት በእነሱ በኩል ይወጣል፣ ሰውነት «ይበቃል፣ ተኛ» ይላል። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው አልጋ ላይ የሚገላበጠው በሮቹ ስለተዘጉበት ነው።

ትናንት ማታ ከኮምቦልቻ ስመለስ ደሴ ጉም ውስጥ ነበረች። ቤት ገብቼ ውሃ አሞቅሁ፣ ሳፋውን አወጣሁ። እግሬን ስከተው መጀመሪያ አቃጠለኝ፤ ዘበኛው ነው። ከዚያ ደስ አለኝ። አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ውሃው ውሃ ብቻ ሆነ፣ እኔም ካልሲዬን አድርጌ ጋቢዬ ውስጥ ገባሁ።